የጋለው ስልክ የበረደበት ክረምት

ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ስልክ ሳትነኩት ግሎባችሁ ያውቃል? እኔን ትናንት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ገጠመኝ። ስልኩን አውጥቼ በመዳፌ ስይዘው ሰሚራ ትዝ አለችኝ።

ገና ማስተማር ልጀምር የነበረበት ክረምት ነው። የጓደኛዬ የሰሚራ አባት ጋሼ ኑሪ መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ ስልኮች ይሸጡ ነበር። ገዢ ያጡ አንድ ካርቶን ስልኮች ስለነበሯቸው፣ እኔና ሰሚራ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭነንባቸው ለተማሪዎቼ የኮምፒውተር መለማመጃ ልናደርጋቸው አሰብን። ሊኑክሱ ተጫነ፤ ስልኮቹ ግን ጋሉ፤ ባትሪያቸውም አንድ ክፍለ ጊዜ አይዘልቅም።

ጋሼ ኑሪ አንዱን አንስተው ቶሎ መልሰው አስቀመጡት።

"ይሄን ተማሪ ልታስይዢ? እስከ ቅዳሜ ካልበረደ ካርቶኑ ከቁርጥራጭ ጋር ሊሸጥ ምን አለሽ ተራ ይሄዳል" አሉኝ።

"እስከዚያ ሻይ ያፍሉበታ፣ አባባ" አለች ሰሚራ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። የፕሮሰሰር፣ ማለትም ስልኩን የሚያሠራው ዋና ቺፕ፣ ፍጥነት እንደ ሥራው ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። ሊኑክስ ግን የእነዚያን አሮጌ ቺፖች የፍጥነት ደረጃዎች አያውቅም ነበር፤ ሥራ ባይኖርም በሙሉ አቅማቸው ያስሮጣቸዋል። ደረጃዎቹንና እያንዳንዱ የሚፈልገውን ቮልቴጅ ጽፈን ማስገባት የእኛ ፈንታ ሆነ።

ጻፍን። ስልኩ በረደ። ሥራ ስንሰጠው ግን ድርቅ አለ፤ አስነሳነው፣ ደግሞ ደረቀ። ዝናቡ የጋሼ ኑሪን ሱቅ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ከደጅ የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። ዓርብ ከሰዓት ተስፋ ቆርጬ ካርቶኑን ማሰር ጀመርኩ። ሰሚራ ግን ውጭ ውጭውን ታያለች። ከአትክልት ተራ ጎመን የጫነ ጋሪ የሚጎትት ሰው ዳገቱ ሥር ቆሟል።

"ቲቸር፣ ገመዱን ተዪውና እዪ። ሰውዬው የሚገፋለት ሳያገኝ ዳገቱን አልጀመረም። እኛስ?"

እኛ ፍጥነቱን ጨምረን ነበር ቮልቴጁን የምናስከትለው። ቺፑ ጉልበት ሳያገኝ እንዲሮጥ እናዘው ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ቀድሞ መጨመር አለበት፤ ሲቀንስ ደግሞ ፍጥነቱ ቀድሞ ይቀንሳል። ቅደም ተከተሉን አስተካከልንና ስልኩ ሥራውን ሳይደርቅ ጨረሰ። ሰሚራ "ሠራ!" ብላ ስትጮህ የጎረቤት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሮጠው መጡ።

ቅዳሜ ጋሼ ኑሪ ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ቆዩ።

"በሉ ውሰዱልኝ፤ ቦታ አጣበበብኝ" አሉ፤ ፈገግታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

ተማሪዎቼ በስልኮቹ ብዙ ተማሩ። ሰሚራ አግብታ ድሬዳዋ ሄደች። በፊት በየቀኑ እንደዋወል ነበር፤ ኋላ በየበዓሉ ሆነ፤ አሁን እሱም የለም። ዛሬ ብዙ ነገር ብቻዬን እሠራለሁ፤ ይሳካልኛልም። ሲሳካልኝ ግን ቀና ብዬ የምጮህለት ሰው አጣለሁ።

መሳቢያችሁ ውስጥ አሮጌ ስልክ ካለ አውጡና ሞክሩት። ብቻችሁን ግን አይሁን፤ የሚያሾፍባችሁ ወዳጅ ጠርታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ።