ከአልጋዬ በላይ የተሰቀለው አበባ

መጀመሪያ የመጣው ፉጨት ነው። ከደረቴ ውስጥ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሃሊሳ ሰፈር ወዳለው ቤታችን የሚያስወጣውን ደረጃ ሳልጨርስ ቆምኩ።

የምኖረው ከእናቴና ከአያቴ ጋር ነው። አያቴን አባባ እላቸዋለሁ። ጎንደር ሳሉ ለሳል ጦስኝ ከነአበባው አድርቀው ያፈሉ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ ሐይፋ ደግሞ ዐረብ ጎረቤታችን፣ ኡም ሰሊም፣ መሐሉ ቢጫ ዙሪያው ነጭ የሆነውን፣ ካሞሚል የሚባለውን አበባ አሳዩአቸው። አባባ ደስ አላቸው! ጠዋት ጠዋት ከተዳፋቱ እየለቀሙ፣ በቀይ ክር እያሰሩ፣ እንዲደርቅ ከአልጋዬ በላይ ይሰቅሉት ጀመር። «ሽታውም መድኃኒት ነው» ይላሉ።

ባሳለኝ ቁጥር አንድ እስር ይጨምራሉ። በጨመሩ ቁጥር ያስለኛል።

አንድ ጠዋት አየር አጣሁ። ከንፈሬ ጠቆረ። መናገር አቃተኝ። ሆስፒታል ወሰዱኝ። ጭምብል። ኦክስጅን። ተነፈስኩ።

በሳምንቱ ከአባባ ጋር ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሯ በዕብራይስጥ «አስም ነው» አለችኝ። «ክፍልሽ ውስጥ ምን አለ? ድመት? ምንጣፍ?»

«የሚደርቅ አበባ።»

«ስንት?»

«ጣሪያው አይታይም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ብናኙ ነው የሚቀሰቅስብሽ። አበባው ካልወጣ ለቲዩል አልፈርምልሽም። ለአያትሽ ተርጉሚላቸው።»

ቲዩል የክፍላችን የሦስት ቀን ጉዞ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት! ግን አባባን እንዴት ብዬ? «አበባው ፀሐይ ስለሚወድ ሰገነት ላይ ይውጣ ትላለች» አልኳቸው።

አባባ አዩኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረው፣ ጥርት ባለ ዕብራይስጥ፦ «እኔ ነኝ ያሳመምኳት?»

«አይደሉም። አስሙ ድሮም ነበረባት፤ አበባው ቀሰቀሰው እንጂ።»

«አንቺ ቀጣፊ!» አሉኝ በአማርኛ። «ነሸር ከተማ ሃያ ዓመት ዘበኛ ስሆን ሰዉን በአማርኛ ነበር የማስቆመው?»

ስስቅ ስስቅ አሳለኝ።

የዚያኑ ቀን አባባ እኔን ከቤት አስወጥተው አበባውን በሙሉ ራሳቸው አወረዱት፣ እናቴም አንሶላውንና መጋረጃውን አጠበች። ዶክተሯ ያዘዘችልኝን የመከላከያ ኢንሄለር ጠዋትና ማታ ስስብ አባባ አጠገቤ ቆመው ይቆጥሩልኛል፣ «ቤሰደር፣ ደህና ነኝ» እስክላቸውም አይለቁኝም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያን ደረጃ አንዴም ሳልቆም ወጣሁት፤ አባባ ከኋላዬ እያለከለኩ «ቆይ እንጂ፣ አሁን የሚያፏጨው የእኔ ደረት ነው!» ይላሉ።

እንደ እኔ ደረታችሁ የሚያፏጭባችሁ ካላችሁ፣ ቤት ውስጥ የምትጠጡትን፣ የምታጥኑትን፣ የምትሰቅሉትን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ፤ አትፍሩ፣ ሐፍረትም አይያዛችሁ። ዶክተሯ ካሞሚሉን በሻይም ከለከለችኝ፤ ጦስኙን ፈቀደችልኝ፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ኢንሄለርን ግን አይተካም። እሷንም፣ እናቴንም፣ በቅን ልብ ያሳዩንን ኡም ሰሊምንም አመሰግናለሁ።

አባባንማ እንዴት አድርጌ! ለቲዩል ስነሳ ኢንሄለሩን እንዳይጠፋብኝ ቦርሳዬ ላይ አሰሩልኝ። በዚያው ቀይ ክር።