የአኮ አደይ አበባ

ሰፈሩ ሁሉ «አኮ» የሚላት አያቴ ከጊዳ አያና ተፈናቅላ ነቀምቴ ስትገባ፣ ከቤቷ የተረፈው በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው የአደይ አበባ ዘር ብቻ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ግቢያችን ውስጥ ትዘራዋለች። ቡቃያውን አረም ነው ብዬ ልነቅል እጄን ስሰድ፣ «ተው! ሳያብብ ማንነቱን በምን አወቅህ?» ብላ ትቆጣኛለች።

ነሐሴ ላይ አረፈች። ዕድርተኞች ድንኳን ሊተክሉ መጡና፣ «ይሄ አረም ይነሳ» አሉ። አረም አለመሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በለቅሶ መሀል ስለ አበባ ማንሳት አሳፍሮኝ ዶማውን አቀበልኳቸው።

መስከረም ጠባ። ግቢያችን ውስጥ የቀሩት የድንኳኑ እንጨት የቆመባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ለከርሞ ያስቀረችው ዘር ይኖራል ብዬ የነጠላዋን ጫፍ ዳበስኩ። ቋጠሮው ተፈትቷል፤ በዚህ ክረምት ሁሉንም ዘርታዋለች።