«በሙሉ ድምፅ» ብዬ የጻፍኩት ወረቀት

የእድራችን ጸሐፊ አድርገው የመረጡኝ የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነበር፤ ሌላ ምክንያት አላውቅም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እኔ ገና ጎረምሳ አስተማሪ ነኝ፣ እንግሊዝኛም እሞክራለሁ፣ በዚያ ላይ መቸኮል አመሌ ነው። ሰፈራችን ዛሬ ኢምፔሪያል ከሚባለው ወዲያ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት በኩል ነው። አሁን ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል፤ ያኔ ግን ግማሹ ሣር ነበር። ውሃ አልነበረንም። እናቶቻችን ጄሪካን ተሸክመው ቦኖ ድረስ ይሄዱና ተሰልፈው ሲያበቁ «ዛሬ የለም» ይባላሉ።

አንድ የእርዳታ ድርጅት ከሰፈራችን ጉብታ ላይ በነፋስ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሊተክልልን ፈለገ። የላከው ባለሙያ ያገራችን ሰው ነው፤ እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ መጥቶ ፎቶግራፎች አዞረ። አንደኛው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ እንደ ቬንትሌተር ክንፍ ያላቸው ረጃጅም ነጫጭ ምሰሶዎች ባሕር መሐል ተደርድረው ቆመዋል። ፈረንጆቹ እንኳ እነዚህን የሚተክሉት የባሕሩ ዳር ሰው ሲደግፍ ነው፣ እናንተም መደገፋችሁን በፊርማ አሳዩ፣ በተለይ ከጉብታው ሥር የሚኖሩት አንድም ሳይቀሩ ይፈርሙ አለን። ሊቀመንበራችን አሰብ ወደብ የሠሩ ሰው ነበሩና ብድግ ብለው የባሕር ነፋስ ሸሚዝ ከገላ ላይ እንደሚገፍፍ ምለው ተናገሩ። ይሄ ጉልበት ውሃ የሚያወጣልን ከሆነ እሰየው አሉ። ሁሉም አጨበጨበ።

ያላጨበጨቡት እማማ ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ከጉብታው ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንዲት ላም አለቻቸው፤ በወተቷ ይተዳደራሉ፣ ላሟም የምትግጠው ጉብታው ላይ ነው። እኔ ራሴ የላሟን እናት ወተት ጠጥቼ ነው ያደግኩት። እማማ የባሕሩን ፎቶ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣

«ባሕር ላይ መቆም የሚችል ከሆነ እዚያው ይቁም። ባሕር ላይ ላም አይሰማራም» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ውሃውን እንደማይጠሉ፣ ላማቸው የት እንደምትግጥ ሲነገራቸው እንደሚፈርሙ ተናግረው ተቀመጡ።

በእድራችን ደንብ አንድ ሰው ካልተስማማ ነገሩ አይዘጋም። ሽማግሌዎች ቤቱ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ወይ ያሳምኑታል ወይ ያሳምናቸዋል። ለቅዳሜ ተቀጠረ። ባለሙያው ደግሞ ወረቀቱን ዓርብ እፈልጋለሁ ብሎኛል። አንድ ሳምንት እንዲጠብቅ ብለምነው ይጠብቅ ነበር፤ አልለመንኩትም። እውነቱን ልናገር፣ ያጣደፈኝ የውሃው ጥም አልነበረም። የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ አርቅቄ ጨርሻለሁ፤ «ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ደግፏል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በጣም አምሮልኛል። አንዲት አሮጊት እንድታበላሽብኝ አልፈለግኩም።

ሐሙስ ከሰዓት የእድሩን የማኅተም ቀለም ይዤ እማማ ቤት ሄድኩ። ላሟን እያለቡ ነበር።

«እማማ፣ እሁድ ስብሰባው ላይ መገኘትዎን በአሻራ ሳያስመዘግቡ ሄዱ። እዚህ ጋ በጣትዎ ይንኩልኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ። ማጭድ የቆረጠው ጣት ነው፤ አግድም ጠባሳ አለበት። ይዤ ቀለሙን አስነካሁት፣ የድጋፍ ፊርማው ወረቀት ላይ አሳረፍኩት። እዚህ ድረስ መጣህልኝ፣ ተባረክ ብለው መረቁኝና ትኩስ ወተት በኩባያ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ወጪት ሰባሪ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

ለሽማግሌዎቹ እማማ ተስማምተዋል፣ አትድከሙ አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጉብታው በሽቦ ታጠረ። እማማ ሄደው ቢጠይቁ የሥራው ኃላፊ የፊርማውን ኮፒ አውጥቶ አሳያቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጠባሳቸውን ያውቃሉ። ኮፒውን ለምነው ይዘውት እኛ ቤት መጡ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግተው ጣታቸውን ከአሻራው ጎን አደረጉና፣

«ይቺ የኔ ጣት ናት። ምን ብላ ተናገረች?» አሉኝ።

ለሰፈሩ ጥቅም ብዬ ነው፣ ሁሉም ሰው ደግፎ ነበር እያልኩ ቀባጠርኩ። እስክጨርስ አልጠበቁኝም። አባቴ አንዴ አየኝና ተነስቶ ገባ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ለእድሩ አልከሰሱኝም። ቢከሱኝ ከጸሐፊነት ቀርቶ ከአባልነትም እባረር ነበር። ላሟን በረት አስረው ድርቆሽ እየገዙ ጥቂት ሳምንት አቆዩአት፣ ከዚያ ነጋዴ መጥቶ ነዳት።

ውሃው መጣ፤ ይሄን ካልተናገርኩ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ሲያገኙኝ ይመርቁኛል፤ እማማ ጄሪካናቸውን ይዘው ከመጡ ግን ሰበብ ፈልጌ እሄዳለሁ። ከሰዓት ከሰዓት ከመንገዱ ማዶ ባለችው ልብስ ሰፊ ደጃፍ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ላሟ ከሄደች ወዲህ ሥራ ፈቱ እያልኩ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አባቴ ሞተ። ድንኳን ተጣለ። እማማም መጡ፤ እግዜር ያጥናህ ብለውኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ሐዘንተኛው እኔ ስለሆንኩ የለቀስተኛ መቆጣጠሪያውን ወረቀት የያዙት ሊቀመንበሩ ናቸው። እያስፈረሙ እማማ ጋ ሲደርሱ ቀለሙን አቀረቡላቸው። እማማ ቀለሙን ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ጠየቁ።

መጀመሪያ ርእሱን አነበቡ። በጣታቸው ፊደል በፊደል እየተከተሉ፣ «የ... ለ... ቀስ... ተኛ...» እያሉ ነው። የልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ፊደል ሲቆጥሩ እንደከረሙ ያን ጊዜ ገባኝ። እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ምንም እንዳልተጻፈበት ካረጋገጡ በኋላ መልሰው ዘርግተው ስማቸውን ጻፉ። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ።

ሊቀመንበሩ ተገርመው ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ አይደል ያስተማርካቸው፣ መምህር? እግዚአብሔር ይስጥህ!»

ሰው ሁሉ አየኝ። እማማም አዩኝ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢናገሩ እውነታቸውን ነው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና ለሊቀመንበሩ፣

«ተዉት፣ ዛሬ ሐዘን ላይ ነው» አሉ።

አላስተማርኳቸውም ማለት እችል ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ትሕትና መሰለውና መረቀኝ።