የአባቴን ስም ሲጠሩ

አባቴ ያረፈው ወደ ጃፓን ልንሄድ ስንዘጋጅ ነበር። ባለቤቴ እዚያ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ነው፤ እኔ ተከትዬው ሄድኩ። እንደ ደረስን ሂሳብ ልከፍት ባንክ ገብቼ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ የአባቴን ስም ጠራች። ከስሙ ኋላ «ሳማ» አለችበት፤ ሳማ በእነሱ ዘንድ እንደ እኛ አንቱታ ነው። ደግማ ጠራች። እኔን መጥራቷ መሆኑ አልገባኝም። «እዚህ አገር አባቴን ማን ያውቀዋል?» እያልኩ ዙሪያዬን አያለሁ። በመጨረሻ ራሷ መጥታ ጎንበስ አለችና በእጇ ወደ መስኮቱ መራችኝ።

እዚያ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሐኪም ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት፣ ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነውና አባቴን ይጠራሉ፣ እኔ እነሣለሁ። ለመድኩት። እንዲያውም ወደድኩት። የሞተ አባቱ በአክብሮት ሲጠራ መስማት ለስንት ሰው ይደርሰዋል?

ከዚያ የባለቤቴ ትምህርት ወደ ሜልቦርን አመጣን። ካርልተን፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤት ተከራየን። እንግሊዝኛ ሳነበው ይገባኛል፤ የዚህ አገር ሰው ሲናገረው ግን ያመልጠኛል። ጃፓን የተወለደችው ልጃችን እንኳ ጃፓንኛውን ቶሎ ረስታ በእንግሊዝኛ ትመልስልኝ ጀመር። እግዚአብሔርን «ጃፓንኛ በመማር ለምን አስለፋኸኝ?» አላልኩትም። ግን አስቤዋለሁ።

አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘሁ። ተመስገን አልኩ። ደመወዝ የሚገባበት ሂሳብ ያስፈልጋል ስለተባልኩ ሠፈራችን ወዳለው ባንክ ሄድኩ። አንድ ወጣት በፈገግታ ተቀብሎ ብዙ ጠየቀኝ። የቤት ኪራይ ውሉ በባለቤቴ ስም ነበርና እዚያ ላይ ጣቱን አድርጎ አንድ ነገር አለኝ። እኔም እንደ አገሬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ እሺታዬን ገለጽኩ። ደነገጠ፤ ያመመኝ መሰለው። ደህና መሆኔን ላሳየው ብዬ «ዬስ፣ ዬስ» አልኩ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ከስሜ ቀጥሎ የባለቤቴ አባት ስም ተጽፎበታል። ባለቤቴ አየውና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ!»

«ተው እንጂ!»

«ምን ላድርግ? አባባ ሳይነግሩኝ አንቺንም ወልደዋል።»

«በቁርባን የተጋባን ሰዎች! ነውር ነው፣ አትቀልድ።»

ልጃችን ከሶፋው ላይ ሆና በእንግሊዝኛዋ፣ «ታዲያ አክስቴ ነሽ ማለት ነው?» አለችኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሥራ ቦታ ግን የሚያስቅ አልሆነም። ኃላፊዋ ካርዱንና ፓስፖርቴን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ስሙ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሺፍቱን ለሌላ ሰው መስጠቷ ነው። የነገረችኝ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ በደግነት ነው፤ እኔም ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ሌሎቹን ወረቀቶችሽንስ ወደዚህኛው ስም ብናዞራቸው?» አለኝ ባለቤቴ፤ አሁን እየቀለደ አልነበረም። «እዚህ አገር ሚስት በባሏ ስም ብትጠራ የሚገርመው የለም።»

«የማን ልጅ ነኝ ልበል ታዲያ?»

«ልክ ነሽ። ነገ ግን ላብራቶሪ አለብኝ፤ አብሬሽ ባንክ መሄድ አልችልም» አለ። ነገ ዓርብ ነበር።

ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የደጋገምኩት እንግሊዝኛ በሩን ስገባ ጠፋኝ። በወጣቱ ቦታ አንዲት እስያዊት ሴት ተቀምጣለች። ካርዱንና ፓስፖርቴን ሰጥቻት «ኔም... ኖ ጉድ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። ፓስፖርቴን ስትመልስልኝ ግን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጽሑፉን ወደ እኔ አዙራ፣ ትንሽ ጎንበስ አለች። ያንን አጎነባበስ አውቀዋለሁ።

«ይቅርታ፣ ጃፓናዊት ነዎት?» አልኳት፣ በጃፓንኛ።

አፏን በእጇ ያዘች። «የት ተማሩት?»

«ምሳ እያሸገ የሚሸጥ ወጥ ቤት ውስጥ። አብረውኝ የሚሠሩት አሮጊቶች ነበሩ።»

«ለካ! አነጋገርዎ ቁርጥ አያቴን ነው።»

ተሳሳቅን። የታሰረው ምላሴ ተፈታ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኪራይ ውሉን፣ «ዬስ፣ ዬስ» ማለቴን፣ ሰኞን።

«ታዲያ የቤተሰባችሁ ስም የትኛው ነው?» አለች።

«የቤተሰብ ስም የለንም። አባት ነው ያለን። ይሄኛው የኔ አባት ነው፤ ያኛው የባለቤቴ። በዚህ ካርድ ከባለቤቴ ጋር እህትና ወንድም ሆነናል።»

ልትስቅ ጀመረችና ተወችው። «እኔ ሳገባ የአባቴን ስም ትቻለሁ» አለች። «እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። ይከፋዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።» ስክሪኑን ትንሽ ካየች በኋላ፣ «ያኛውን ሂሳብ እንዝጋውና እንደ አዲስ እንክፈተው» አለችኝ።

አድራሻዬን የሥራ ቦታዬ ከጻፈልኝ ደብዳቤ ወሰደች። የአባቴን ስም እያንዳንዷን ፊደል ከመጻፏ በፊት በጃፓንኛ ጠየቀችኝ። ከዚያ አለቃዋ እስኪያጸድቀው ወንበር ላይ እንድጠብቅ ነገረችኝ።

ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሰዎች ስልካቸውን ያያሉ፣ ውጭ ትራም ያልፋል። ብዙም ሳልቆይ ሴትየዋ ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ የአባቴን ስም ጠራች። ከስሙም ኋላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳማ» አለችበት።

ወዲያው ተነሣሁ።

ሰኞ የአዲሱን ሂሳብ ወረቀት ይዤ ሥራ ገባሁ። በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ በጸሎቴ ላነሣት ስል ነው ስሟን አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ። ተመልሼ ስሄድ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራለች አሉኝ። እስከ ዛሬ ሳነሣት የሷንም የአባቷንም ስም አላውቅም። እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል።