ጆሮ፣ ጉንጭ፣ ውሃ

የጎረቤታችን ሴትዮ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የተላቀቀ ጫማዋን በማስቲሽ ስታጣብቅ ደረስሁ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ደብተሬን እንደታቀፍሁ ቆምሁ። ሰው ሁሉ ያ ሽታ ራስ ያዞራል ይላል። ይበል። እኔን አያዞረኝም፤ ይመልሰኛል እንጂ። ሰባተኛ ክፍልን ወደጨረስሁበት ክረምት፣ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ከፍ ብሎ ወዳለችው የአጎቴ ጎማ መጠገኛ ይመልሰኛል። ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያዋን ሲቀጠቅጠው ሰው ከሰው አይሰማማባትም ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያን ክረምት የአጎቴ ሚስት እግራቸውን ስለታመሙ፣ ቤት ላግዛቸው ብዬ ከእብናት መጣሁ። ውሃ ቀዳሁ፣ ልብስ አጠብሁ። ግን ከቤቱ ይልቅ ደጁ፣ ጎማ መጠገኛው፣ በለጠብኝ። ከደጁ ብሎን ሲፈታ፣ አየር ሲተነፍስ፣ የባጃጅ ሹፌሮች ሲሳሳቁ ይሰማል። ሳምንት ሳይሞላኝ አንድ ነገር ቆረጥሁ፤ ወደ እብናት አልመለስም። እዚሁ እማራለሁ፣ ይህንንም ሥራ እለምዳለሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ለአጎቴ ብቻ፣ ያውም ግማሹን ነገርኋቸው።

«ጋሼ፣ እኔም ልሥራ።»

«የቱን?»

«ያን» ብዬ ደረቴ ድረስ የሚደርሰውን የጭነት መኪና ጎማ አሳየኋቸው።

ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች በሳቅ ፈነዱ። ቀይ ኮፍያ የማይለየው አንዱማ፣ «ኧረ ጋሼ ይጠንቀቁ፣ ጎማው እሷን እንዳይለጥፋት!» አለ።

አጎቴ አልሳቁም። ያረጀ የባጃጅ የውስጥ ጎማ ወረወሩልኝ። «ከሀ ጀምሪ» አሉ። «መጀመሪያ የጎማውን አፍ፣ አየር የሚገባበትን፣ በምራቅሽ አርጥበሽ እይው። ከዚያ ጆሮሽ። ጆሮሽ እምቢ ካለ ጉንጭሽን አርጥበሽ አስጠጊው። ውሃ መጨረሻ ነው።»

«ውሃ ውስጥ መንከሩ አይቀልም?»

«ይቀላል። ውሃው ያይልሻል፤ አንች ግን ምንም አላወቅሽም።»

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላም ሌላ ነገር ነበረ። ጨርቅ ይዞ እጅን ወደ ውጭኛው ጎማ ሆድ ማስገባት፣ ሦስት ጊዜ ዙሪያውን መዳበስ። «የወጋውን ሳታወጭ ቁስሉን አትሸፍኝ» ይሉ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አላስነኩኝም። አፍ፣ ጆሮ፣ ጉንጭ፣ ውሃ፣ ጨርቅ። በሕልሜ ሳይቀር ጎማ ያንሾካሽክብኝ ጀመር። ሹፌሮቹ «ሐኪሟ፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ተናደድሁ። መለጠፍ ማስቲሹን ቀብቶ፣ እፍ ብሎ አድርቆ፣ ልጣፉን ቸብ ማድረግ እንደሆነ ገና ድሮ በዓይኔ ለምጀዋለሁ። ሽማግሌው ሥራቸውን ሊደብቁኝ ነው ብዬ አማሁ። አዎ፣ አማሁ። አሁን ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል?

ፍልሰታ ገባ። አጎቴ ቅዳሴ ሄደው የሚመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት ባለ ቀይ ኮፍያው ባጃጁን እየገፋ መጣ።

«ጋሼ የሉም? ኧረ መኪና ሊገባ ነው፣ መንገደኛ ያመልጠኛል!»

«እኔ አለሁ» አልሁት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ጊዜ ስላልነበረው እሽ አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የውስጡን ጎማ አወጣሁ፣ ውሃ ውስጥ ነከርሁት፣ ቀዳዳው ወዲያው ታየኝ። ለጠፍሁ። ልጣፉ እንደ ማኅተም ቁጭ አለ፤ እንዲያ የሚያምር ልጣፍ አጎቴም አልለጠፉም። ጨርቁ ከጎኔ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አየሁት። እጄን ግን አልዘረጋሁም። ሹፌሩ እየተጣደፈ፣ እኔ ጎማ ስደባብስ ልውል?

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዝናቡ ውስጥ፣ ጫማዋን በእጇ ያንጠለጠለች፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ የወጣባት ሴት ታዘግማለች። ጀርባዋ ላይ የቆሎ ስልቻ አለ። ከኋላዋ ባለ ቀይ ኮፍያው ባጃጁን እየገፋ ይራገማል።

«ይህን ጎማ የሠራው እጁ አይባረክ!» አለች ሴትዮዋ ገና ሳትደርስ።

እናቴ ነበረች።

ከእብናት ከመጣችበት መኪና ወርዳ ባጃጅ ተሳፍራ ነው፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ጎማው ተነፈሰ። የመጠገኛዋ በር ላይ ቆማ እጄ ላይ ያለውን ጥቁር ማስቲሽ አየች። ለመዋሸት ጊዜ ነበረኝ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኋት።

«ወይ ጉድ! በሽተኛ እንድታስታምሚ ላክሁሽ፣ አንች ከጎማ ጋር ትታገያለሽ? ጾሙ ይፈታና ይዤሽ እሄዳለሁ። አለቀ!»

አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላቸው ረጥቦ ሲመለሱ ይከራከሩልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሁሉንም ሰሙና ውጭኛውን ጎማ ከባጃጁ ፈትተው እግሬ ሥር አኖሩት።

«እጅሽን አስገቢ።»

ዳበስሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ጣቴን ወጋኝ። የግራር እሾህ ነው፤ ከአጥር ጭነት መንገድ ላይ የወደቀ። እኔ የለጠፍሁት ቦታ አጠገብ አዲስ ቀዳዳ በስቶ፣ ጫፉን አሹሎ ቁጭ ብሏል። ደሙን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት። ማንም «እኔስ ምን ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«አልሄድም» አልሁ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቴ።

«ጾሙ እስኪፈታ ጊዜ አለኝ። እስከዚያ አልሄድም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እናያለን።»

«አያ፣ ትሰማታለህ ይችን?»

«እሰማታለሁ» አሉ አጎቴ። «ጨርቁን አንሺ።»

ከዚያ በኋላ ልጣፍ የሚባል ነገር አልጠየቅሁም። ዓይኔን ጨፍኜ የመጣውን ጎማ ሁሉ ዳበስሁ። ጠጠር፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የጠርሙስ ስብርባሪ በጣቴ ለየሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እንኳ የጎማውን ሹክሹክታ ከዝናቡ መለየት ጀመርሁ። ሹፌሮቹ መሳቃቸውን አልተዉም፤ እኔ ነኝ መስማቱን የተውሁት። እናቴ ቤት ውስጥ የወንድሟን ሚስት እያስታመመች በመስኮት ታየኛለች። የቡሄ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮሁ ሲያልፉ እንኳ ቀና አላልሁም።

ጾሙ በተፈታ ማግስት እናቴ ልብሴን በፌስታል አስራ ወጣች። ያኔ ባለ ቀይ ኮፍያው ደረሰ።

«ጋሼ፣ ይህ ጎማ ሰይጣን ይዞታል። ማታ ሞልቼው አድራለሁ፣ ጠዋት ተኝቶ ይጠብቀኛል። ሁለት ቦታ አስፈተሽሁት፣ አውጥተው አፉን ጨብጠው ነከሩት፣ ምንም የለውም አሉኝ።»

አጎቴ ብሎን መፍቻውን አላነሱም። እኔን አዩ።

እኔም አላነሳሁም። ጎማው ባጃጁ ላይ እንዳለ ተንበርክኬ ክዳኑን አወለቅሁ፣ ጣቴን ምላሴ ላይ አድርጌ የጎማውን አፍ አረጠብሁ። ጠበቅን። ሹፌሩ «ኧረ ይች ልጅ» ብሎ ሊስቅ ሲጀምር፣ ምራቄ ላይ የአተር ፍሬ እንኳ የማታህል አረፋ ቀስ ብላ ተነፋችና ፈነዳች። ሌላ ተከተለቻት። አፉ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ብረት በክዳኑ ጫፍ ግማሽ ዙር አጠበቅኋት። ደግሜ አረጠብሁ። ጸጥ።

«ጨረስሁ» አልሁት።

«ይህን ብቻ?»

«ይህን ብቻ።»

ኮፍያውን አወለቀ። ያን ቀን ነው ራሰ በራ መሆኑን ያወቅሁት። እናቴ ፌስታሉን እንደያዘች ገብታ ከእኔ አልጋ ላይ አኖረችውና ተመለሰች። «እንግዲህ ደብተር ስትይዢ እጅሽን በደንብ ታጠቢ» ብላኝ ብቻዋን ወደ መናኸሪያ ወረደች።

የጭነት መኪናውን ጎማ የፈታሁት አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው። ስለ እሱ የምነግራችሁ ብዙ የለኝም፤ ትልቅ ብቻ ነው።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ማስቲሹ የሸተተኝ ዕለት ወደ ቤት አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደ መጠገኛው ሄድሁ። አጎቴ የውስጥ ጎማ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ተቀምጠዋል። የዘመናት የሞተር ጩኸት ጆሯቸውን እየወሰደው ነው። ጎማው እንደ እባብ ሲያፏጭ እኔ ከበሩ እሰማዋለሁ።

«ይሄስ ደህና ነው» አሉ።

የቆመው ወጣት ሹፌር ሳቀ። «ሽማግሌው እኮ አይሰሙም፣ ሌላ ቦታ ብወስደው ይሻለኛል» አለኝ።

«ቁም!» አልሁት። «የእሳቸው ጉንጭ ካንተ ጆሮ የበለጠ ይሰማል።»

ጣቴን ከውሃው ነክሬ የአጎቴን ጉንጭ አረጠብሁ። ቆዳው ሳስቷል፣ ሽበት ወግቶታል። ጎማውን ቀስ ብዬ አዞርሁላቸው። ከዚያ ዓይናቸው ተከደነ፣ ጣታቸው ሄዶ ቀዳዳው ላይ አረፈ።

«እዚህ ጋ» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ እዚያ ጋ» አልሁ። እንደማይሰሙኝ ባውቅም ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨርቁን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠኋቸው።