ክለሳ በሽንኩርት መደብ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ከክፍል የወጣሁት ተናድጄ ነው... የእኔ ንዴት ደግሞ ከድሬ ፀሐይ ጋር ሲገናኝ አያድርስ ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስለደረሰ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በነፃ እናስከልሳለን፤ ግራመሩን፣ ከዚያ ደግሞ ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ሃይፐርቦሊ የሚባሉትን ዘይቤያዊ አነጋገሮች። ሌላ የሚያመሰግነኝ ስለሌለ ራሴን ላመስግንና ጥሩ አድርጌ ነው የማስተምረው። ታዲያ ከሁሉም ጎበዝ የምላት ተማሪዬ ኢፍቱ መቅረት አበዛች። ጓደኞቿን ስጠይቅ ቀፊራ ገበያ የእናቷን ሽንኩርት እየሸጠች ነው አሉኝ።

ባጃጅ ያዝኩና ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምቆጣትን ቁጣ ሳዘጋጅ ነበር።

ደርሼ ሳያት ግን ግማሹ ጠፋኝ። ሚዛኑ አጠገብ የድሮ የፈተና ጥያቄ ዘርግታ፣ ንፋስ እንዳይገልጠው ሽንኩርት ጭናበታለች። አንዱን ጥያቄ አንብባ ሳትጨርስ ገዢ ይመጣል። መዝና ሰጥታ ስትመለስ እንደገና ከላይ ትጀምራለች።

እናቷ አዴ ዘይነባ ጉልበቷን ታማ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። መደቡ ሰው ካጣ ሽንኩርቱ ይበላሻል፤ ቤቱ ደግሞ የሚያድረው በዚያው ሽንኩርት ነው።

«ቲቸር... ዘንድሮ ባልፈተንስ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ስታስብበት የከረመች መሆኗ ያስታውቃል።

ያዘጋጀሁት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

«ተነሺ» አልኳት። «አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ከልሺ። እኔ እሸጣለሁ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሚዛኑን ከእጇ ስወስድ ነው ያመነችኝ።

ሥራው ግን ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም ጎበዝ። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሰው ሲያልፍ «ሽንኩርት አለ... ደህና ሽንኩርት ነው» እላለሁ። ሰዉ ሰምቶኝ ያልፋል። ከጎናችን ቲማቲም የምትሸጠው ፋጡማ ታዝባኝ ታዝባኝ አላስችላት አለ።

«ዋርያ መምህር፣ ሽንኩርቱ ሞቶብሃል እንዴ? አወድሰው እንጂ» አለችኝ።

ይሄኔ እልህ ያዘኝ። እኔ ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ የማስተምረው ምንድነው? ጉሮሮዬን ጠረግኩና ይሄ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ሲገባ ሽታው ከከተማው ወጥቶ መልካ ጀብዱ ድረስ ያውዳል ብዬ ለቀቅኩት።

ከኋላዬ ኢፍቱ ቀና እንኳን ሳትል «ሃይፐርቦሊ» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። ሽንኩርት አይደለም፣ ስኳር ነው አልኩ ደግሞ። ሜታፎር አለች። በቃ ተያያዝነው። እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ስሙን ትነግረኛለች፣ ለምን እንደዚያ እንደተባለም በእንግሊዝኛ ታስረዳኛለች። ሽንኩርቱን እንደ ሙሽራ ጉንጭ አቀላሁት። አላፊ አግዳሚውን በስሙ እንዲጣራ አደረግኩት። አንዱንም አልሳተች። ፋጡማም ቲማቲሟን ባሞገሰች ቁጥር የእኔስ ምን ይባላል እያለች ኢፍቱን መጠየቅ ጀመረች። ሰዉ ለመሳቅ ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ ሳይገዛ አይሄድም።

መሃል ላይ የአንድ ተማሪዬ እናት ከች አለች። ሚዛን ይዤ ስታየኝ ፊቷ ልውጥ አለ። ጠጋ ብላ እጄን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞህ ቲቸር፣ የመምህር ደሞዝ ያው እናውቀዋለን። ሥራ አያሳፍርም» አለችኝ። ከዚያ ከምትፈልገው በላይ አስመዝና ሄደች። ላስረዳት ነበር... ኢፍቱ በሳቅ ፍርስ ስትል ተውኩት።

የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ሲጎድል «አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ የራስሽን አንድ ፍጠሪ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። እናቷ የምትቀመጥበትን ባዶ ዱካ አየችና፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ የእናቴ ጉልበት የቤታችን ምሰሶ ነው አለች።

ደግነቱ እጄ ላይ ሽንኩርት ነበር፤ ዓይኔ እንባ ቢያቀር ማንም አይጠረጥርም። ይህቺን ልጅ ያስተማርኩ እኔ ነኝ ብዬ ቀፊራ መሃል ደረቴን ብነፋ ማን ይፈርድብኛል?

ብዙም ሳይቆይ አዴ ዘይነባ እያነከሰች መጣች። ባዶውን ማዳበሪያ አየች፣ ሚዛን የያዝኩትን እኔን አየች፣ ልጇን አየች። ኢፍቱ እየሳቀች በኦሮምኛ ሁሉንም ነገረቻት። እኔም ልጅሽ መፈተን አለባት፣ ክፍሌ ውስጥ የሚደርስባት የለም ብዬ ልመናዬን ጀመርኩ። ፋጡማ ደግሞ ቲማቲሟን እየደረደረች፣ ጠዋት ጠዋት መደቡን እኔ አይልሻለሁ አለቻት።

አዴ ዘይነባ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ልጇን ደግማ አየቻት፤ ኩራቷን ልትደብቅ ብትሞክርም አልቻለችም።

«ትሂድ። ትማር» አለች።

እፎይ ብዬ ልሰናበታት ስል እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«አንተ ግን ከሰዓት ና። እጅህ ገድ አለው።»

ዛሬ ጠዋት ክለሳ ላይ ኢፍቱ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔም ይሄን የምጽፍላችሁ ከቀፊራ ነው... ቆይ፣ ገዢ መጣ።