የሬዲዮው ቁልፍ ስብሰባ ላይ ነበር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝ። ይህን ግን ዝም ብዬ ልይዘው አልቻልሁም።

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም አውሮፕላን ያርፍ ነበር፣ ሣር ሜዳ ላይ። ሬዲዮ ሳይመጣ በፊት የሜዳው ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከብቱን አባረው ነጭ ጋቢያቸውን ሜዳው ዳር ይዘረጋሉ፤ አብራሪው ያንን አይቶ ይወርዳል። በኋላ ሬዲዮ መጣ ተባለና ደስ አለን። ከሬዲዮው ጋር ግን ትእዛዝ መጣ። በጨርቅ ምልክት መስጠት ክልክል ነው፤ ሬዲዮውን ፈቃድ ካለው አንድ ሠራተኛ በቀር ማንም እንዳይነካ፤ አብራሪውም «ሜዳው ነፃ ነው» የሚል ድምፅ በሬዲዮ ካልሰማ እንዳያርፍ።

እህቴ ምጥ ጠናባት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ካልተቀደደች አትገላገልም፤ ነገ በሚመጣው አውሮፕላን ወደ ትልቅ ሆስፒታል አድርሷት» አለን። በማለዳ በቃሬዛ ተሸክመናት ሜዳው ደረስን። የሬዲዮው ቤት ተቆልፏል።

«ሠራተኛው የት አለ?» አልኋቸው ዘበኛውን።

«ቀበሌ ስብሰባ ጠርተውታል ልጄ። ቁልፉም ከኪሱ ነው። ሩጪ!»

ሮጥሁ። የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ጠባቂው ሲይዘኝ እጁን አስለቅቄ ገባሁ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

«እህቴ ልትሞት ነው» አልሁ። «የሬዲዮውን ሰው ልቀቁልኝ።»

ሠራተኛው ብድግ አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር በእጁ ምልክት መልሶ አስቀመጠው።

«ስብሰባ ሳያልቅ የሚወጣ የለም። ደግሞስ ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትናገሪው፣ ጓዲት? አውሮፕላኑ ዓይን የለውም? አይቶ ይረፍ!»

ሰዉ ሳቀ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያለ ሬዲዮ አያርፍም እኮ» አለ ሠራተኛው።

«እንግዲያ ቁልፉን ይስጠኝ፤ እሱ ሲናገርበት ዘበኛው አይተዋል፣ እሳቸው ይናገሩበታል» አልሁ።

«ያለ ፈቃድ የነካ እንደሚታሰር እዚሁ ቆሜ የነገርኋችሁ እኔ ነኝ! ቁጭ በይ!»

ያን ጊዜ የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። ሁሉም ወደ ቆርቆሮው ጣራ አንጋጠጠ። አንድ ጊዜ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ሠራተኛው ቁልፉን ጨብጦ ሊቀ መንበሩን ያያል፣ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን ያያል። ድምፁ ራቀ። ከዚያ ያቋረጡትን የማዳበሪያ ነገር ቀጠሉ።

ስመለስ ዘበኛው እስራቱን ሳይፈሩ ጋቢያቸውን ሜዳው ላይ ዘርግተውት ነበር። አብራሪው ዝቅ ብሎ አይቶታል፤ አይቶም ሄደ። እሱም ትእዛዝ አለበት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሬዲዮው ደህና ነበር፣ አውሮፕላኑ ደህና ነበር፣ ሜዳውም ደርቆ ነበር።

እህቴን በቃሬዛ እንዳለች ተሸክመን በእግር ጉዞ ጀመርን። ከላላ ከተማ ሳንደርስ ከነልጇ ሞተች።

ሊቀ መንበሩ ለቅሶ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፤

«እህቴ፣ ያጥናሽ። ቀደም ብለሽ ብታመለክቺ ኖሮ እኮ ለሬዲዮው ሰው እንፈቅድለት ነበር።»